የተጋረደው ማሳ

ይሄን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ እዚህ ቻናል ላይ የሚወጡትን ታሪኮች እያነበብኩ "ውሸታም ሁላ" ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

አሁን አልስቅም...

የሆነው እዚሁ ዳላስ ነው። ቪከሪ ሜዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው አፓርታማችን ውስጥ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። የቴክሳስ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠች፣ ታች ግቢ ውስጥ ልጆች ኳስ እየተራገጡ... እንደዚያ ባለ ቀን ነው።

ልዩ እባላለሁ። ጋርላንድ ውስጥ አንድ ፍሬም ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰው ሥዕል፣ ዲፕሎማ፣ የሠርግ ፎቶ ያመጣል፤ እኛ እንጨቱን ቆርጠን፣ መስታወቱን ገጥመን እንመልሳለን። በሥራዬ እኮራለሁ። ዓይኔ ጥሩ ነው፤ የፀጉር ያህል የተዛነፈ ነገር አያመልጠኝም።

ይሄን የምነግራችሁ ኋላ ላይ "ዓይኗን ትመርመር" እንዳትሉኝ ነው። ተመርምሬያለሁ።

ሥዕሉን ያመጣችው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ናት። አዲስ ፍሬም ይሠራለት አለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ጀርባዋን ሰጠችው።

እስክትወጣ ድረስ ዞራ አላየችውም።

ራቅ ብላችሁ ስታዩት የፈረንሳይ ገጠር ነው። ለጥ ያለ የስንዴ ማሳ፣ በመሃሉ ቀጭን መንገድ፣ ጫፉ ላይ በረድፍ የቆሙ ረጃጅም ዛፎች፣ ከዛፎቹ ጀርባ ወንዝ። ሰው የለበትም። ቤት የለበትም። ሠዓሊው ዙሪያውን በጥቁር ሰማያዊ ጠርዝ ከቦታል።

ቀረብ ስትሉ ግን ማሳም የለ፣ ዛፍም የለ። ነጥብ ብቻ ነው። ምስር የሚያካክሉ ሺህ ነጥቦች።

"እህሉ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አለችኝ አሮጊቷ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

"አረንጓዴ" አልኳት።

"ቢጫ የለበትም? ደህና አድርገሽ እዪልኝ።"

"ምንም ቢጫ የለበትም።"

በረጅሙ ተነፈሰች። ፍሬሙን እንኳን ሳትመርጥ ወጣች። ያ መውጣቷ ነው። ስልኳ ላይ ስንደውል ቁጥሩ አይሠራም ይላል።

አለቃዬ እንዲህ ዓይነት ሥዕል ነፍሱ ነው። ኒዮ ኢምፕረሽኒስት ይባላሉ አለኝ። ሠዓሊዎቹ ቀለሙን አይቀላቅሉትም፤ ብርቱካናማ ነጥብ ያስቀምጣሉ፣ አጠገቡ ሰማያዊ ነጥብ ያስቀምጣሉ፣ የሚቀላቅለው የሚያየው ሰው ዓይን ነው።

"ሶ ሥዕሉ ሸራው ላይ የለም በለኛ" አልኩት ለማሾፍ።

"የለም" አለኝ ሳይስቅ። "ያለው አንቺ ውስጥ ነው።"

ወራት ጠብቀን ሴትዮዋ ስትጠፋ "ከወደድሽው ውሰጂው" አለኝ። ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽም። ቤት ወስጄ ሳሎን ከሶፋው ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ገና ጅምሩ ላይ። ከዚህ በፊት የያዝኳቸው አልጸኑልኝም... ስለዚህ እኔና ባሌ እንድሪያስ ስለ ልጅ ማውራት ትተን ነበር። እሱ ሌዊስቪል ካለው መጋዘን ዕቃ ጭኖ በየስቴቱ የሚያደርስ የትራክ ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። እናቴ አበዛሽ ከጎንደር የመጣችው እኔን ልትጠብቅ ነው። ዓይኗ በሞራ ተሸፍኗል፤ ከሩቅ ጥላ ጥላውን ነው የምታየው።

የሳሎናችን መስኮት ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ሥዕሉ ላይ ታርፋለች። ቀለም ደግሞ በፀሐይ ይበላል፤ ይሄ የእኛ ሥራ ሀሁ ነው። እንድሪያስን መጋረጃ አድርግበት አልኩት።

"ቤብ፣ የሚሰቀልበት እኮ አለው" አለኝ።

አየሁት። አሮጌው ፍሬም አናቱ ላይ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች አሉት። ከእኛ በፊት የሆነ ሰው ጋርዶት ነበር ማለት ነው።

ሽቦ አሳልፎ ነጭ ሻሽ ሰቀለበት። ከዚያ በኋላ ረሳነው።

ጥቂት ቆይቶ ደም አየሁ።

ዶክተሯ መሣሪያውን ሆዴ ላይ ደጋግማ አንሸራተተች። የልቡ ምት በጣም ደካማ ነው አለችኝ። ሥራ አቁሚ፣ ተኝተሽ ጠብቂ፣ የሚሆነውን እናያለን። እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ አፌን በሻርፔ ይዤ አለቀስኩ።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። "ነገሬዋለሁ፤ ይጸናል" አለችኝ።

ለማን እንደነገረችው አልጠየቅኳትም። የእናት ጸሎት ነው ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሯ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ዱብ ዱብ ዱብ... ክፍሉን ሞላው። "ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ እየሳቀች። እንድሪያስን ኮል አድርጌ አሰማሁት። ነዳጅ ማደያ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እንግዲህ ያ የነገርኳችሁ ቀን የመጣው ከዚህ በኋላ፣ ልጁ መራገጥ ሲጀምር ነው።

ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ስነቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናቴ ሥዕሉ ፊት ቆማለች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። ጎንበስ አለች... የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች... ሳመችው። ግንባሯን አስነካችው። እንደገና ሳመችው።

"እማዬ" አልኩ።

"ዝም በይ" አለች በሹክሹክታ። "ልጨርስ።"

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እሳለማለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

"ማንን?"

ዞረች። ግራ የተጋባች ትመስላለች።

"እኔ ምን አውቄ? የማን ሥዕል እንደሆነ አልነገራችሁኝ። ተጋርዶ አየሁት፣ ተሳለምኩ።"

ያኔ ገባኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሥዕል ይጋረዳል። ምእመን እጁን ሰዶ አይገልጠውም፤ መጋረጃውን ስሞ ያልፋል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተጋረደ ሥዕል አይታ ሳትስም አልፋ አታውቅም። እኛ ለፀሐይ ብለን የሰቀልነውን ሻሽ ከመጣች ጀምሮ በየቀኑ ስትስም ከርማለች።

ሳቄ መጣ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

"ምን ያስቅሻል? የተሳልኩት ስለት ሠምሮልኝ የለም እንዴ?"

"ምን ብለሽ ተሳልሽ?"

"ይሄን አንዱን አጽናልኝ አልኩ። ከጸና ያንተ ይሁን አልኩ።"

አገር ቤት እንዲህ መባሉ ያለ ነው። ልጁ በታቦቱ ስም ይጠራል፣ አድጎ ደጁን ያገለግላል ማለት ነው። ክፋት የለውም። ብቻ... የምንለው ለማን እንደሆነ እያወቅን ነው።

"እማዬ ሙች ስንዴ ነው የተሳለምሽው" ብዬ ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ሳቄ ቆመ።

ማሳው ቢጫ ሆኗል።

ሁሉም አይደለም። ከመንገዱ ግራ ያለው ገና አረንጓዴ ነው። ከቀኙ ግን ቢጫ ነጥቦች እዚህም እዚያም ገብተውበታል። ቀረብ ብዬ አየሁ። በላዩ የተቀባ አይደለም። አሮጌ ቀለም ነው፤ እንደ ሌላው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"ታዲያ ይሄ ማነው?" አለች እናቴ ከኋላዬ።

"የቱ?"

"ይሄ ቆሞ ያለው ነዋ። ከዛፎቹ ሥር።"

"እማዬ፣ ሰው የለበትም።"

"እንዴት የለበትም? ረጅም ነው። እጁን ዘርግቷል።"



በሥራችን አንድ ዘዴ አለ። ሥዕል ዝርዝሩ ሲያደናግራችሁ ዓይናችሁን ጠበብ ታደርጋላችሁ። ትንንሹ ነገር ይጠፋና ትልቁ ቅርጽ ብቻ ይቀራል። የእናቴ ዓይን በሞራ ምክንያት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያየው።

ወደ ኋላ ራቅ አልኩ... ዓይኔን ጠበብ አደረግኩ...

የዛፎቹ ጥላ ጥላ አይደለም። ሐምራዊውና ሰማያዊው ነጥብ ተሰብስቦ ትከሻ ሆኗል። አንገት ሆኗል። ሁለት ረጃጅም ክንዶች ወደ ፊት ተዘርግተዋል፣ መዳፋቸው ወደ ላይ።

ሕፃን ሲሰጧችሁ እንደምትዘረጉት።

ዓይኔን ስከፍት ዛፍ ብቻ ነው።

እንድሪያስን ደወልኩለት።

"ልዩ፣ ሊስን... ቀኑን ሙሉ ተኝተሽ ነው የምትውይው። ሆርሞንም አለ። ማለቴ፣ ኖርማል ነው።"

"እህሉ ቢጫ ሆኗል እኮ ነው የምልህ።"

"ኦኬ፣ ኦኬ። ስመጣ አወርደዋለሁ።"

አትፍረዱበት። እኔም ብሆን ለሱ ይሄንኑ ነበር የምለው። ሱቅ እያለ ያነሳሁትን ፎቶ ከስልኬ ላይ አወጣሁ፤ ማሳው አረንጓዴ ነው። የአሁኑን አነሳሁና ሁለቱንም ለአለቃዬ ላክሁለት። አሮጌ ቀለም ብርሃን ሲያገኝ ይቀየራል አለኝ።

ተጋርዶ እኮ ነው ያለው...

እናቴ ነገሩ ከገባት በኋላ እህል አልወርድላት አለ። ለነፍስ አባቷ ለቄስ ኃይለ መስቀል ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩላት።

"ለማን እንደተሳሉ የማያውቁት ስለት ስለት አይባልም፣ እማማ አበዛሽ" አሏት ቄሱ ረጋ ብለው። "ሳያውቁ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ተሳስቻለሁ ብለው ይተዉት። ዕቃውንም ከቤት ያስወጡት። ጸሎት እኛ እናደርጋለን።"

ቀላል ነው አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ፣ እንድሪያስ በመጣበት ቀን፣ እናቴ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ነጠላዋን አላጣፋችም። ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጎረቤት ልትጣላ እንደሄደች ሴት...

"ተሳስቼ ነው" አለችው። "ሌላ መስለኸኝ ነው። ቃሌን አንስቻለሁ።"

እኔ ሶፋው ላይ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ነበር። ልጁ ጠዋቱን ሙሉ ሲራገጥ ነው ያረፈደው።

ቆመ።

ቀስ ብሎ አይደለም። በር ሲዘጋ እንደሚቆም ድምፅ፣ ጭጭ አለ። ወዲያው ወገቤን ያዘኝ። ከሥሬ ሙቀት ተሰማኝ። ሶፋው ላይ ደም አየሁ።

"እንድሪያስ..."

እንድሪያስ ስልኩን አንስቶ አምቡላንስ ይጠራል። አድራሻው ጠፍቶበት ይንተባተባል። እናቴ ግን ወደኔ አልመጣችም። መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

"ይሁን" አለች።

"እማዬ፣ ተይ" አልኳት።

"ይሁን... ያንተ ነው... ያንተ ነው..."

ሆዴ ውስጥ ረገጠኝ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ልቡ ዱብ ዱብ ይላል። ደሙ ቆሟል። ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግረን አልቻለም። እንድሪያስ ከዚያን ቀን በኋላ ሆርሞን የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

"ለምን ያኔውኑ አላቃጠላችሁትም?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሳነብ እንደዚያ እያልኩ የምሳደብ ነበርኩ። እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑና አስቡት። ሆዳችሁ ውስጥ ያለው ልጅ ትንፋሽ ከዚያ ሻሽ ጀርባ ካለው ነገር ጋር ታስሯል። ትነኩታላችሁ?

አልነካነውም። እስክወልድ እንጠብቅ፣ ልጁ በእጄ ሲገባ እናቃጥለዋለን ብለን ተስማማን። እናቴም መጋረጃውን በየቀኑ መሳም ቀጠለች፣ እያለቀሰች።

ሆዴ ሲገፋ ማሳው በሙሉ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ወርቅ። የስንዴው ዛላ ከብዶት ጎንበስ አለ። ዓይኔን ጠበብ ሳደርግ ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም። እዚያው ነው። እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

ምጤ የመጣ ቀን ከቤት ስንወጣ አላስችል ብሎኝ ገለጥ አድርጌ አየሁ።

ማሳው ከጫፉ መታጨድ ጀምሯል።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። በጠራራ ቀን፣ ሙሉ ጤነኛ። ሲወጣ ያለቀሰው ለቅሶ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ደረቴ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ራሴን ሳትኩ። ስነቃ ነርሷ ጠቅልላ አልጋው ውስጥ አስተኝታዋለች። ከአልጋዬ ሆኜ አየሁት። አለ። አልተወሰደም። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ... እንድሪያስ እግሬ ሥር ተንበርክኮ እግሬን ይስማል፣ እናቴ እልል ትላለች፣ ነርሶቹ ይስቃሉ።

ቤት ስንገባ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ የለም። እንድሪያስ በአንሶላ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቶታል። "ሳተርዴይ ታች ባለው ግሪል አቃጥለዋለሁ" አለኝ። አፓርታማው ግቢ ውስጥ፣ መዋኛው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ሥጋ የሚጠብስበት ምድጃ አለ።

ጎረቤታችን ጊፍቲ ልትጠይቀኝ መጣች። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብላ በሩ ጋ ቆማ ልጁን አየችው። "ወይኔ፣ ሥዕል የመሰለ ልጅ" አለች።

ማንም አልሳቀም።

እሷ ስትሄድ ላጠባው አነሳሁት። ፊቱን ወደ ጡቴ አስጠጋሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁት...

ጉንጩ ብርቱካናማ ነው። ጎኑ ሰማያዊ ነው። አጠገቡ ሮዝ፣ አጠገቡ አረንጓዴ። ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ። በነጥቦቹ መሃል የሚታየው ነጭ ነገር ቆዳ አይደለም።

ክንዴን ዘርግቼ ከፊቴ አራቅኩት። ቆንጆ ልጅ ነው። የእንድሪያስ አፍንጫ፣ የኔ ግንባር።

አቀረብኩት። ተበተነ።

"ቤቢ አክኔ ነው እኮ" አለኝ እንድሪያስ፣ ጠጋ ብሎ እያየው። "ሁሉም ሕፃን ይወጣበታል።"

እሱ አይታየውም። ዶክተሩም አልታየውም፤ ልጁ ደህና ነው፣ ክብደቱ ጥሩ ነው አለ። የዓይን ሐኪምም ጋ ሄድኩ። ዓይንሽ ከኔ ይሻላል አለኝ።

ልጁ አያለቅስም። ከሩቅ ስታዩት ይስቃል፤ ስትቀርቡት ዝም ብሎ ያያችኋል። ይጠባል፣ ይስባል፣ ወተት ግን ጠብ አይልልኝም። እናቴ በጡጦ ነው የምታጠግበው። ሲተኛ ሕፃን ሁሉ እጁን ጨብጦ ነው የሚተኛው፤ እሱ ሁለት ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ መዳፉን ከፍቶ ነው።

እናቴ አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ ስታየው አገኘኋት።

"ምን አየሽ እማዬ?"

"ምንም" አለች በሹክሹክታ። "ረዘመብኝ።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንድሪያስ ከሰሉን አቀጣጠለ። ፓርኪንጉ ጋ ሰዎች መኪና ያጥባሉ፣ ሙዚቃ ይሰማል። ሥዕሉን ሲያወጣው ተከትዬው ወረድኩ።

"አንዴ ልየው" አልኩት።

"ልዩ፣ ይቅርብሽ።"

"አንዴ ብቻ።"

አንሶላውን ፈታው።

ማሳው ታጭዶ አልቋል። ነዶው ታስሮ በየቦታው ቆሟል። ሰማዩ ያው ነው፣ ወንዙ ያው ነው። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ከዛፎቹ ሥር ፈለግኩት።

ሰውዬው የለም።

ከፊት ባለው ነዶ ሥር ግን ትንሽ ነጭ ነገር አለ። ጠጋ አልኩ። ነዶው ነጥብ ሆነ። ጠጋ አልኩ። መሬቱ ተበተነ፣ መንገዱ ተበተነ፣ ሁሉም ነገር እንደልማዱ ተበተነ...

እሱ አልተበተነም።

ጨርቅ ነው። በጨርቁ ውስጥ ፊት አለ። እውነተኛ ፊት፤ ሽፋሽፍት ያለው፣ ግንባሩ ላይ ፀጉር የተጣበቀበት። አፍንጫው የእንድሪያስ። አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል። የሚያለቅስ ሕፃን ነው፤ ድምፁ ግን አይሰማም።

ደረቴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ቁልቁል ሳይ ሸሚዜ በወተት ርሷል። እስከ ሆዴ ይወርዳል።

እንድሪያስ ሸሚዜን አየ። ከዚያ ሥዕሉን አየ። እሱ ነጭ ቀለም ብቻ ነው የሚታየው፤ ፊቴን ግን አየው።

"አታቃጥለው" አልኩት።

"ልዩ..."

"አታቃጥለው። ልጄ እዚያ ውስጥ ነው።"

ውኃ አምጥቶ ከሰሉን አጠፋ።

ሥዕሉን መልሰን ሰቀልነው። መጋረጃውንም። ፀሐይ እንዳይነካው መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ጠዋትና ማታ ገልጬ ፊቱ እቆማለሁ፤ ወተቴ የሚወርደው ያኔ ብቻ ነው። እናቴ ያለበችኝን ወተት በጡጦ አድርጋ ለዚያኛው ትወስድለታለች። እኔ ዘወር እላለሁ። አልጠላውም... ግን ማየት አልችልም። ከሩቅ ሲያየኝ ይስቃል።

ክርስትናው ደርሷል። ቄስ ኃይለ መስቀል ቀን ቆርጠውልናል፤ እንድሪያስ ነጭ ልብስ ገዝቷል። የትኛውን ይዤ ነው የምሄደው? የትኛውን ነው ውኃው የሚነካው? ማንን ልጠይቅ?

ዛሬ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ገለጥኩት። ልጄ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ለቅሶውን የተወበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ደስ አለኝ። ጨርቁ ከትከሻው ሸርተት ብሏል፤ ያለብሰው የለም። አፍንጫዬ ሸራውን እስኪነካ ድረስ ተጠጋሁ።

ጉንጩ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ አለች። ትናንት አልነበረችም።